ሰባተኛው ድስት

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። የቤታችን ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን በኩራት ያወራዋል። እኔ ግን አብሬው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ለቅሶ ቤት «ደግ ሰው ነበር» ሲባል «ደግ እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም ያሳዝናል» የሚል ሰው ነው። የሠርግ ፎቶ ካሳዩት «ከእሷ እሱ ይሻላል» ብሎ ይመልስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አድርጋ ስትመርጠው ፓስተሩ ሳይቀር ትንሽ ደንግጠው ነበር አሉ። ስሙ ታመነ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት እውነት ከሆነ፣ የእሱ መልአክ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

የምንኖረው ሰበታ ነው፤ ከዓለም ገና ስትመጡ ፋብሪካዎቹን አለፍ ብሎ ባጃጅ የሚታጠፍበት ቅያስ ውስጥ። ቤቱን የሠራው ራሱ አባቴ ነው። ከዱራሜ ሲመጣ ግንበኛ ነበር፤ የፋብሪካ አጥር ሲገነባ ኖሮ የቤታችንንም ግድግዳ እንደ ፋብሪካ አጥር አወፈረው። ሦስት ክፍል ናት። በሦስቱ ክፍል አራት ሰዎች እንኖራለን፤ ሕፃን የሚባል የለንም። አባቴ ሰባ አንድ፣ እህቱ ብርሃነሽ ስድሳ ሦስት፣ እኔ ጣቢታ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ቲቶ ሠላሳ ሦስት። ብንደመር ሁለት መቶ ስድስት ዓመት ይሆነናል። ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዘን የግቢው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ለቀብሯ የመጣችው አክስቴ ብርሃነሽ እስካሁን አልተመለሰችም። ባሏ ቀድሞ ስለሞተ የሚጠብቃትም አልነበረም። ሻንጣዋ ዛሬም እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ነው፤ «እኔ እንግዳ ነኝ» ትላለች። እንግዳ ሆና የጓዳውን ቁልፍ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞትና የእኔን የትዳር ጉዳይ ተረክባለች። በረቡዕ የጸሎት ቡድናቸው ውስጥ የእኔ አለማግባት ከሰላምና ከዝናብ ቀጥሎ ሦስተኛው የጸሎት ርዕስ ነው። ዝናቡ አንዳንዴ ይመጣል።

ቲቶ ደግሞ መሐንዲስ ነው። ቤት የተቀመጠው ሥራ እስኪያገኝ ነው፤ «እስኪያገኝ» ከተባለ ስምንት ዓመት ሆነው። አክስቴ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆማ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ትለዋለች። እሱም ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ ያደርጋል።

እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በፈረቃ የሰው ስህተት ስፈልግ ውዬ ስገባ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የራሴን በር ዘግቼ፣ «የት ቆየሽ» የሚለኝ ሳይኖር፣ ያሰኘኝን በልቼ መተኛት። ትልቅ ምኞት አይደለም። ግን በእኛ ሰፈር ያላገባች ሴት ከአባቷ ቤት የምትወጣው ወይ በሙሽራ መኪና ወይ በሬሳ ሳጥን ነው። መኪናው አልመጣም። ለሳጥኑ ደግሞ አልቸኩልም።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። ከአጥራችን ወዲያ የኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ነው፤ በጓሮ በኩል አንዲት ባዶ ሰርቪስ ክፍል አለቻቸው። እንዲያከራዩኝ ጠየቅኋቸው፤ «እስከ ወሩ መጨረሻ ላንቺ ትቀመጣለች» አሉኝ። ከበራችን እስከ በሯ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃምሳ አራት ርምጃ ነው። ያችን ሃምሳ አራት ርምጃ ለአባቴ መንገር ግን አቃተኝ። እሱ ውሸት አይችልም፣ እኔ ደግሞ እውነቱን አልቻልኩም። የቻልኩት አንዲት ትንሽ ድስት መግዛት ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው ድስት። የተለጠፈባትን ወረቀት እንኳ ሳላነሳ በሻሽ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ሸጎጥኋት።

ሩታ የምትባል መዝጋቢ በራችንን ያንኳኳችው በዚህ መሃል፣ ሰኞ ዕለት ነው። ታብሌት ይዛለች፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «ትልልቅ ሰዎች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ጥናት እየሠራን ነው» አለች። አባቴ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት። የሌሊት ፈረቃ ስለነበርኩ እኔም ቤት ነበርኩ።

ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና ጠየቀች። አባቴን «የቤቱ ኃላፊ» ብላ መዘገበችው። ቲቶን ጥገኛ አለችው፤ ይገባዋል። አክስቴ «እኔ እንግዳ ነኝ» ስትል፣ ሩታ «ስድስት ወር ያለፈው እንግዳ አይባልም፣ እማማ» ብላ እሷንም ጥገኛ አደረገቻት። አክስቴ በዚያች ሰዓት የገባችበትን ኩርፊያ ዛሬም አልጨረሰችውም። እኔ ጋ ስትደርስ፣

«ያላገባች ልጅ… ጥገኛ» አለች።

«እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ።»

«አይቻለሁ፣ እህቴ። ግን የሚያመጣልኝ እሱን ነው።»

ጥገኛ የሚለውን ቃል የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው፤ ከኮሶ ትል ጋር አንድ ምዕራፍ ላይ ነበር። ሳልናገር ዋጥኩት።

ቀጥላ «ከስንት ድስት ነው የምትበሉት?» አለች። ጥያቄው አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ የምታበስሉት ለማለት ነው፤ በሥልጠና ላይ እንደዚያ ብለው አስተምረዋቸዋል። ጤነኛ ሰው «ከአንድ» ብሎ ያልፋል። አባቴ ግን ጉልበቱን ይዞ ተነሳና «ቆይ፣ ልቁጠር» አለ።

ድስቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ደጃፍ ላይ ደረደራቸው። ትልቁ የወጥ፣ የጎመኑ፣ የወተቱ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ብረት ድስት፣ እጀታው የወለቀው፣ አክስቴ ከዱራሜ ያመጣችው የሸክላው። «ስድስት» አለ። ሩታ ጣቷን ወደ ታብሌቱ ስትሰድ «ቆይ» አላት፣ «ጎድሎ እንዳይጻፍ ክፍሎቹንም ልይ።»

«አባባ፣ እዚያ ምንም የለም!» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ።

ገባ። ሲወጣ ሻሼን ይዟል። ቀስ ብሎ ፈታው። ወረቀቷ ያልተነሳ፣ እሳት ያልነካት ድስት በሰባ አንድ ዓመት እጁ ላይ ቁጭ አለች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

አገላበጣት። እንደ ግንበኛ በስንዝሩ ለካት። «የአንድ ሰው ናት» አለ፤ ከዚያ ወደ ሩታ ዞሮ «ሰባት» አላት። ልጅቱም ደክሟት ነበር፣ ሰባት ብላ ጽፋ ሄደች። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ኀፍረቱም ንዴቱም አንድ ላይ ፊቴን አቃጠለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሚወራ አይደለም፣ ግን አወራዋለሁ። አባቴ ዝም አለ። ሲበላ ከሳህኑ ቀና አይልም። አክስቴ የእሱንም ድርሻ ወስዳ ተናገረች። «ሳታገቢ ድስት! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው፤ አንቺ ተበጥሰሽ የት ልትሄጂ ነው? ሰው ምን ይላል?» ረቡዕ ዕለት ድስቴ የጸሎት ርዕስ ሆነች። ሁለት እናቶች እንዳለቀሱ ሰምቻለሁ።

ቲቶ የአባቴን ሜትር ይዞ ክፍሌ ገባ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ልለካው ብዬ ነው፣ ሲስቱካ። ከወጣሽ አይቀር አልጋዬ በዚህ በኩል ይገባል። ፕራይቬሲ የሚባል ነገር እኮ ለእኔም ያስፈልገኛል።»

«ሸሚዝህን ማን ሊያጥብልህ ነው?»

ሜትሩን እንደዘረጋ ቆመ። ያን አላሰበበትም ነበር። «ፋዘርን ግን በጣም ነክተሽዋል» ብሎ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።

ሐሙስ ከሰዓት አባቴ የአጥሩን የተፈረፈረ ጥግ ሲለስን አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ልወጣ ነው። ኦቦ ዲሪርሳ ጋ።»

«እዚህ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም አልጎደለም። ምንም እንዳይጎድልብኝ ሦስት ሰው ሲጠብቀኝ ይውላል፤ እሱ ነው የመረረኝ።»

ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያው ሁለቴ አለሳለሰ። «እሑድ ‹ጣቢታ የት ናት› ይሉኛል። እኔ አልዋሽም።»

«አትዋሽ። ‹ወጣች› በላቸው።»

«‹ለምን› ይሉኛል።»

«‹አላውቅም› በላ።»

«አሁን ነገርሽኝ እኮ። ካሁን ወዲያ አውቃለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። እወደዋለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። የሚጠላ አባት ቢኖረኝ ኖሮ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ በር ወርውሬ ወጥቼ ነበር። ሳይመርቀኝ ሃምሳ አራት ርምጃ መራመድ አልችልም፤ ቀረሁ ብዬ ግን ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ዓመት በዚያ አልጋ ላይ መተኛት አልችልም። ይህንን ግን አላልኩትም። ሲሚንቶውን ጠጋ አደረግሁለት።

አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሩታ ተመልሳ መጣች፤ አለቃዋን በሪሁንን ይዛለች። በሪሁን ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያደረገ፣ ምሳ ያልበላ ሰው ነው።

«አባባ፣ እዚህ ቤት ሰባት ቤተሰብ ተመዝግቧል። ስድስቱ ኃላፊ የላቸውም። ሲስተሙ አልዘጋም ብሎናል።»

«ድስቱ ሰባት ነው» አለ አባቴ። «ከፈለጋችሁ ቁጠሩት።»

በሪሁን ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳው፤ ድስት ሲባል ብረቱ ሳይሆን አብሮ መብላቱ ነው። አብስሎ አብሮ የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ለብቻው አብስሎ ለብቻው የሚበላ ሌላ ቤተሰብ ነው።

አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ። «አንድ ብላችሁ ብትጽፉ ልጄ ምን ትባላለች?»

«ጥገኛ።»

«ሁለት ብላችሁስ?»

«እሷ የራሷ ቤት ኃላፊ ትሆናለች። እውነት ሁለት ከሆነ ነው ግን።»

ሁላችንም አየነው። አክስቴ ከጓዳው በር፣ ቲቶ ከመስኮት። አንዲት ቃል ነበረች የምፈልገው፤ ሁለት። ሌላ አባት ቢሆን ብሎ ይገላግለኝ ነበር።

«ሁለት ማለት አልችልም» አለ አባቴ። «ትናንት እራት ከእኛ ጋር ነው የበላችው።»

በሪሁን «በቃ አንድ» ብሎ ታብሌቱን ከሩታ ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ቆይ» አለው አባቴ። ትንሿን ድስት ከደረደራቸው መሃል አነሳት፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበረች። «እውነት እስኪሆን ትንሽ ጠብቁ።»

ድስቷን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ስላልነበረ ከአክስቴ በቀር ሁላችንም ተከተልነው። ኦቦ ዲሪርሳ በራቸው ላይ አምስት ሰው ተሰልፎ ሲመጣ ሲያዩ የታመመ ሰው ያለ መሰላቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ዲሪርሳ» አለ አባቴ፤ በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ኦሮምኛው አፉ ውስጥ ገብቷል። «ልጄ አንቱ ጋ ልትገባ ነው። ብሎኬት አለዎት?»

ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ጓሮ ጠቆሙት። አባቴ ሦስት ብሎኬት መርጦ ከሰርቪሷ በር ፊት ለፊት አስቀመጠ። ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና አንዱን ጠጋ አደረገው። ሌላውን በጠጠር ደገፈው። ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ጉልቻ እየጎለተልኝ ነው። በእኛ አገር ሦስት ጉልቻ ማለት ትዳር ነው፤ ያለ ባል ጉልቻ የተጎለተላት ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለብቻዬ ብሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፣ ግን መዝጋቢዎቹ ቆመዋል።

አክስቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!» አለች።

«ወጥ አይደለም፣ ጎመን ነው» አለ አባቴ ሳይዞር።

ጎመኑን ኦቦ ዲሪርሳ ከጓሯቸው ቆርጠው ሰጡኝ። ጭራሮም አመጡ። ከዚያ በላይ ግን የሚሰጡት አልነበራቸውም፤ ባለቤታቸው ቡራዩ የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ከሄደች ሁለት ወሯ ነው፣ ኩሽናውን ቆልፋው ነው የሄደችው። «ምሳዬ በሚኒባስ ነው የሚመጣው» አሉ። «የእኔ ድስት ቡራዩ ነው። እኔን የት ትመዘግቡኛላችሁ?» ሩታ ወደ በሪሁን ዞረች። በሪሁን ያልሰማ መስሎ ስልኩን አየ።

ከግቢያቸው ቧንቧ ውሃ ቀድቼ ጣድኩ። ጎመኑ ሲፈላ ጨው ትዝ አለኝ።

«ቲቶ፣ ከቤት ጨው አምጣልኝ።»

«አይሆንም!» አለ አባቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ከእኛ ቤት አንዲት ነገር ከመጣ አንድ ድስት ነው። ተሳስቻለሁ?» ብሎ በሪሁንን ጠየቀው።

በሪሁን በረሃብ ደክሟል። «እንግዲህ እንደዚያ በጥብቅ ካዩት…» አለ።

«በጥብቅ ነው የማየው።»

ቲቶ አህመድ ሱቅ ሮጠ። አህመድ ሱቁን ዘግቶ ጁምዓ ሄዷል፤ የሚከፍተው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ቲቶ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ያየነው ያን ቀን ነው፣ ባዶ እጁን ቢመለስም።

ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ጨው የለ። ሠላሳ ደቂቃ አካባቢ ጎመን በውሃ ተቀቀለ። ሁሉም ቆሞ አየ። በመጨረሻ ድስቷን አወረድኩና በሩ ላይ ተቀምጬ፣ አምስት ሰው ከፊቴ እያየኝ፣ አንዷ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ለብቻዬ በላሁ። የሣር ጣዕም እንኳ አልነበረውም። ዋጥኩት። በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የከፋው ምግብ እሱ ነው፤ ቢሆንም ጨርሼ ብበላው ደስ ባለኝ።

«ሁለት» አለ አባቴ። «አሁን ጻፊ፣ ልጄ።»

ሩታ ጻፈች። «የቤቱ ኃላፊ፣ ጣቢታ ታመነ» ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። ኦቦ ዲሪርሳ «ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ። በሪሁን ቦርሳውን አስተካከለ፣ መሄጃው ደረሰ።

አባቴ ግን አልተነሳም። ጉልቻው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ እጁን እያሻሸ ድስቴን አየ። ምሳ አልበላም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ ቤት እያለሁ ከእኔ ተለይቶ ምሳ የበላበት ቀን እንደሌለ ያኔ ትዝ አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ፣ ለበሪሁን። «እንግዳ ቢጎርስ ይቆጠራል?»

በሪሁን ቆመ። አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «አይቆጠርም፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዳ አይቆጠርም።»

ጎመኑን ጠቅልዬ አጎረስኩት። አባቴ ጨው ካነሰው ሳህኑን ወደ ጓዳ የሚመልስ ሰው ነው፤ እናቴን እንኳ ሠላሳ ዓመት አላስተረፋትም። ቀስ ብሎ አላመጠ። ጉሮሮው ላይ ትንሽ ቆመበት። ዋጠው።

«ጣፍጧል» አለ።

አየሁት፤ ዓይኑን ወደ ብሎኬቶቹ መለሰ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነካት ያስቀመጣትን የመጀመሪያ ውሸቱን፣ ጨው ለሌለው ጎመን አወጣት።